የበረራን ርቀትና የጉዞ ሰዓት በትክክል ለማስላት

በሁለት ሩቅ ከተሞች መካከል ያለው በረራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለማወቅ ስትፈልጉ፣ በትኬቱ ላይ የሰፈሩትን የመነሻና የመድረሻ ሰዓቶች በቀጥታ አትቀናንሱ፤ ሁለቱም የሚጻፉት በየከተማው የአካባቢ ሰዓት ነውና። ለምሳሌ ከለንደን በ11:00 ተነስቶ ኒው ዮርክ በ14:00 የሚያርፍ አውሮፕላን 3 ሰዓት ብቻ የተጓዘ ይመስላል፤ ነገር ግን የኒው ዮርክ ሰዓት ከለንደን በ5 ሰዓት ወደኋላ ስለሚቀር ትክክለኛው የጉዞ ጊዜ 8 ሰዓት ነው። ሁለቱ አገሮች የበጋና የክረምት ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በተለያየ ቀን በመሆኑ በማርችና በኦክቶበር መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ ለጥቂት ጊዜ ወደ 4 ሰዓት ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ የጉዞውን ቀን ይዛችሁ አስሉ።

ርቀቱን በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ መለካትም ያሳስታል። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ በካርታው ላይ ጎብጦ ይታያል፤ በለንደንና በኒው ዮርክ መካከል ይህ መንገድ ወደ 5,540 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ርቀቱን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አካፍላችሁ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ያህል ብትጨምሩ፣ ጥሩ የመጀመሪያ ግምት ታገኛላችሁ።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነፋሱን ነው። በዚህ መስመር ከፍታ ላይ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚሄድ ወደ ለንደን የሚደረገው በረራ ከመልሱ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ሰዓት ገደማ ያጥራል። ስለሆነም የመሄጃውን ሰዓት ለመመለሻው አትጠቀሙበት፤ ሁለቱን ለየብቻ አስሉ።