ተማሪዎችን የቀድሞ ወህኒ ቤት ለማስጎብኘት፦ ለመምህራን የሚሆን መመሪያ

ወህኒ ቤትነቱ ቀርቶ ሙዚየም የሆነ ሕንፃ ለትምህርት ጉብኝት የሚመረጥበት ምክንያት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። የታሪክ መጽሐፍ በሁለት መስመር የሚያልፈውን ነገር ወፍራሙ ግንብ፣ ከባዱ የብረት በርና ጠባቡ ክፍል ለተማሪው ባንድ ጊዜ ያሳዩታል። ይሁን እንጂ ይህ ኃይል ካልተገራ ጉብኝቱን ወደ አስፈሪ ትርኢት ይለውጠዋል። ሳይዘጋጅ የሄደ ክፍል ስለ እግር ብረቱና አምልጠው ስለጠፉት እስረኞች እየተገረመ ይመለሳል፤ እዚያ የነበሩት ሰዎች እነማን እንደሆኑ፣ በየትኛው ሕግ እንደታሰሩና ያሳሰራቸው ወገን ምን አስቦ እንደነበር ግን ሳይጠይቅ ይቀራል። ከዚህ በታች የቀረበው ምክር በአብዛኛው ይህን ለመከላከል የታሰበ ነው።

ጥያቄው ይቅደም

ቀን ከመቁረጥና መኪና ከመከራየት በፊት ጉዞው የሚያነሣውን አንድ ዋና ጥያቄ መወሰን ያስፈልጋል። የቀድሞ ወህኒ ቤቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆኑ፣ ለአንዱ የሚስማማው ጥያቄ ለሌላው አይሆንም። በፊላደልፊያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1829 የተከፈተው ኢስተርን ስቴት የተባለው ወህኒ ቤት የታቀደው በጎ አሳብ በነበራቸው ሰዎች ነው። እስረኛው ከሌሎች ተለይቶ ብቻውን ቢቀመጥ ኅሊናው ወቅሶት ይጸጸታል ብለው ስላመኑ፣ ለእያንዳንዱ ከጣሪያው ብርሃን የሚገባበት ክፍልና በግንብ የታጠረች ትንሽ ግቢ ሠሩለት፤ ከክፍሉ በወጣ ጊዜም ሌላውን እንዳያይ፣ እርሱም እንዳይታወቅ ፊቱ ይሸፈን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1842 ስፍራውን የጎበኘው እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ ግን ይህ ብቸኝነት አካልን ከመግረፍ የማይተናነስ የአእምሮ ሥቃይ እንደሆነ በብርቱ ተቃውሞ ጻፈ። ወደዚህ ዓይነት ስፍራ የሚሄድ ክፍል «በጎ ያሰቡ ሰዎች ሥቃይን እንዴት ሊያደርሱ ቻሉ?» ብሎ ቢነሣ የሚያየው ነገር ሁሉ ለጥያቄው ማስረጃ ይሆንለታል።

በደቡብ አፍሪካው የሮበን ደሴት ወህኒ ቤት ጥያቄው ሌላ ነው። ኔልሰን ማንዴላ ከታሰሩባቸው 27 ዓመታት 18ቱን ያሳለፉት በዚያ ሲሆን፣ ሰውን በዘር የሚከፋፍለው የአፓርታይድ ሕግ እስከ እስረኛው ሳህን ድረስ ይዘልቅ ነበር፤ ለጥቁር አፍሪካውያን እስረኞች የሚሰጠው የምግብ ድርሻ ለሕንዳውያንና ለክልሶች ከሚሰጠው ያንስ ነበር። «በፓርላማ የጸደቀ ሕግ እንዴት አድርጎ ወደ አንድ ሰው ቁርስ ይደርሳል?» የሚለው ጥያቄ ስለ ማንዴላ ጀግንነት ብቻ ከመናገር ይልቅ ተማሪውን የበለጠ ያሠራዋል።

የተማሪዎቹ ዕድሜም ከስፍራው ጋር ተገናዝቦ መታየት አለበት። በፕኖም ፔን የሚገኘው ቱኦል ስሌንግ አስቀድሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር፤ ክመር ሩዦች ካምቦዲያን በገዙበት ዘመን የመማሪያ ክፍሎቹ በግድግዳ እየተከፋፈሉ የእስረኛ ማጎሪያና የምርመራ ስፍራ ሆኑ፤ ዛሬም እዚያ የታሰሩት ሰዎች ፎቶግራፎች ተደርድረው ይታያሉ። ለትልልቆቹ ተማሪዎች ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ባይገኝም፣ ለታናናሾቹ ግን ጊዜው አይደለም ብዬ አምናለሁ። በአንጻሩ በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ፣ ፖርት አርተር ከተባለው የእስረኞች ሰፈር አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ1834 እስከ 1849 የነበረው ፖይንት ፒወር የወንዶች ልጆች እስር ቤት ስለነበር፣ በልጆቹ ዕድሜ ያሉ ተማሪዎች ታሪኩን በቀላሉ ይከተሉታል፤ በዚያ የነበሩት ልጆች አናጢነት፣ ጫማ መስፋትና ድንጋይ መጥረብ ይማሩ ስለነበር ቅጣትና ትምህርት እንዴት እንደተቀላቀሉ ለመነጋገር ምቹ መነሻ ይሰጣል።

መምህሩ አስቀድሞ ይይ

ተማሪዎችን ይዞ የሚሄድ ሰው ስፍራውን ቀድሞ ብቻውን ማየት አለበት። ይህን በድረ ገጽ ፎቶግራፍ መተካት አይቻልም፤ ፎቶግራፉ ደረጃው ምን ያህል ጠባብና ገደላማ እንደሆነ፣ በላይኛው ፎቅ መተላለፊያ ላይ የቆመ ልጅ በአጥሩ ብረት በኩል ወደታች ምን እንደሚያይ፣ መጸዳጃው ከመጨረሻው ክፍል ምን ያህል እንደሚርቅ አይነግርም። አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ በሞቃት ቀን እንኳ ውስጡ ስለሚቀዘቅዝ ስለ ልብስ መናገርም አይዘነጋ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ወይም ደረጃ መውጣት የሚቸግረው ተማሪ ካለ፣ የትኛው ክፍል እንደሚያዳግተው ቀድሞ ታውቆ ለመላው ክፍል የሚሆን ሌላ መንገድ ይመረጥ፤ አንዱን ልጅ ደጅ አስቀምጦ ሌሎቹን ማስገባት መፍትሔ አይደለም።

ከሙዚየሙ የትምህርት ክፍል ጋር በሚደረገው ንግግር የሚጠየቁት ነገሮች ጥቂት ቢሆኑም ወሳኝ ናቸው፦ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እንደሚገባ፣ ሞት የተፈጸመበት ስፍራ በመንገዱ ላይ ይኖር እንደሆነ፣ የሚታዩት ሥዕሎችና መሣሪያዎች ምን ዓይነት እንደሆኑ፣ አስጎብኚው ተማሪዎችን በክፍል ውስጥ ቆልፎ «የማሳየት» ልማድ ያለው እንደሆነ። የመጨረሻው ልማድ ካለ እንዲቀር በግልጽ መጠየቅ ይገባል። እንደ ሮበንና በአሜሪካ እንዳለው አልካትራዝ በጀልባ የሚደረስበት ደሴት ከሆነ ደግሞ አየር ሲበላሽ ጉዞው ሊሰረዝ ስለሚችል ለዚያ ቀን የሚሆን ሌላ ዕቅድ በእጅ ይኑር።

ለወላጆች የሚጻፈው ደብዳቤ

የፈቃድ ደብዳቤው ሰዓትና መጓጓዣ ብቻ የሚናገር ከሆነ ዋናውን ነገር ይስታል። በማንኛውም ክፍል ውስጥ አባቱ፣ እናቱ ወይም ወንድሙ ዛሬ የታሰረበት ልጅ ሊኖር ይችላል፤ በእስርና በስደት ያለፈ ቤተሰብም ይኖራል። እንዲህ ያለው ልጅ ጓደኞቹ ስለ «ወንጀለኞች» እየሳቁ ሲያወሩ በሰማ ጊዜ የሚደርስበትን ስሜት ማንም ላያስተውልለት ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው ተማሪዎቹ ምን እንደሚያዩ በግልጽ ቃል ዘርዝሮ ለሁሉም ቤተሰብ በእኩል ይላክ፤ ማንም ምክንያቱን ሳይናገር ልጁን ማስቀረት ወይም የተወሰነ ክፍል እንዳይገባ ማድረግ እንደሚችልም ይግለጽ። ልጁን በክፍል ፊት ጠርቶ «አንተ ትችላለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። የሚቀሩት ተማሪዎች በተመሳሳይ ጥያቄ ላይ በሰነድ እንዲሠሩ ይደረግ እንጂ ቅጣት የሚመስል ሥራ አይሰጣቸው። ጠባብ ስፍራ የሚያስጨንቃቸው ተማሪዎች ደግሞ ሳያስረዱ ወጥተው ከአንድ ከሚያውቁት ዐዋቂ ጋር የሚቆሙበት ስፍራ አስቀድሞ ይነገራቸው።

ከጉዞው በፊት የሚሰጠው ትምህርት

ቢያንስ ሁለት ክፍለ ጊዜ ለዝግጅት ሊመደብ ይገባል። የመጀመሪያው ስለ ዘመኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሰነድ ላይ ቢሆን መልካም ነው። ብዙ የቀድሞ ወህኒ ቤቶች የእስረኞች መዝገብ አላቸው፤ መዝገቡም ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የተከሰሰበትን ነገርና የተፈረደበትን ጊዜ ይይዛል። ለእያንዳንዱ ተማሪ ከመዝገቡ አንድ ሰው ቢሰጠውና በጉብኝቱ ቀን ያንን ሰው ይዞ ቢሄድ፣ ባዶው ክፍል ባዶ አይሆንበትም። በደብሊን የሚገኘው ኪልሜይነም እ.ኤ.አ. በ1796 ተከፍቶ በ1924 የተዘጋ ወህኒ ቤት ነው፤ በአየርላንድ ታላቅ ረሃብ ጊዜ ምግብ በመስረቃቸውና በመለመናቸው ብቻ በታሰሩ ድሆች ተጨናንቆ እንደነበር የሚያውቅ ተማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1916 በዚያው ግቢ ስለተረሸኑት፣ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ስለተነሡት 14 የዐመፅ መሪዎች ብቻ ሰምቶ ከሚመለሰው ይልቅ ስፍራውን ሙሉ አድርጎ ያየዋል። የታወቁት እስረኞች ያልታወቁትን እንዳይሸፍኑ መጠንቀቅ የመምህሩ ድርሻ ነው።

መዝገቡን የጻፈው ጠባቂው እንጂ እስረኛው አለመሆኑም በዚሁ ትምህርት ይነሣ። ሰውዬው «አስቸጋሪ» ተብሎ ቢመዘገብ ይህን ያለው ማን ነው? የራሱ ቃል የት ይገኛል? ተማሪው ይህን ጥያቄ ከለመደ በስፍራው የሚያገኘውን ማንኛውንም ጽሑፍ በዚያው ዐይን ያነባል።

በዕለቱ

ከ10 እስከ 15 ተማሪ ለአንድ ዐዋቂ እየተመደበ በቡድን መግባት ይሻላል፤ ክፍሎቹ ጠባብ ስለሆኑ ትልቅ ቡድን ከኋላ የቆሙትን ምንም አያሳያቸውም። ጉብኝቱም ከውስጥ ሳይሆን ከውጭ ይጀምር። ተማሪዎቹ የሕንፃውን ፕላን በእጃቸው ይዘው ቆመው፣ ከየት ሆኖ ማን ማንን እንደሚያይ በመስመር ያመልክቱ። ይህ ቀላል ሥራ ከብዙ ገለጻ ይበልጣል። ኢስተርን ስቴት መጀመሪያ ሲታነጽ ሰባት ረጃጅም ሕንፃዎቹ ከአንድ ማዕከል በየአቅጣጫው ስለሚወጡ፣ በመሐል የቆመ ጠባቂ ዞር እያለ ሁሉንም መተላለፊያ ይመለከት ነበር። እንግሊዞች በአንዳማን ደሴቶች በፖርት ብሌር ከተማ የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ1906 የተጠናቀቀው እስር ቤትም ሰባት ክንፍ ነበረው፤ ከእነርሱም ዛሬ የቀሩት ሦስቱ ናቸው። በዚያ የአንዱ ክንፍ ፊት ወደ ሌላው ክንፍ ጀርባ እንዲመለከት ስለተደረገ፣ ለህንድ ነጻነት የታገሉት እስረኞች እርስ በርስ መተያየትና መነጋገር አይችሉም ነበር። በፖርት አርተር ደግሞ የጸሎት ቤቱ ሳይቀር እያንዳንዱ እስረኛ ሰባኪውን ብቻ እንዲያይ በሳንቃ ተከፋፍሎ ነበር። ተማሪው ይህን ሲረዳ ግንቡ ራሱ የተጻፈ ደንብ መሆኑ ይገባዋል።

በእስረኛ ክፍል ውስጥ የሚደረገው ነገር ጥቂት ይሁን። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ገብተው ክፍሉን በእርምጃ ይለኩ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚገባ ይመልከቱ፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል ዝም ብለው የሚሰሙትንና የሚሸትታቸውን ይጻፉ። በግድግዳው ላይ የተጫረ ጽሑፍ ካለ ይገልብጡት እንጂ በጣታቸው አይንኩት። እስረኛና ጠባቂ ሆኖ መጫወት፣ በር መቆለፍ፣ ካቴና ማሰር ፈጽሞ መቅረት አለበት፤ ይህን የምለው ልጆቹ ስለሚፈሩ ብቻ አይደለም፣ ለአምስት ደቂቃ የተቆለፈበት ተማሪ የዓመታትን እስር ያወቀ ስለሚመስለው ጭምር ነው።

አስጎብኚው በሚናገርበት ጊዜ ከክፍሉ ነገሮች የትኛው የጥንቱ፣ የትኛው በኋላ የተሠራ እንደሆነ ይጠየቅ። ኪልሜይነም ፈርሶ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች ሥራ ታድሷል፤ ኢስተርን ስቴት ግን ቀለሙ እንደተላጠ፣ ይበልጥ እንዳይፈርስ ብቻ ተደግፎ እንዲታይ ተወስኗል። ሁለቱም ውሳኔዎች ስለ ታሪክ የተለያየ ነገር ስለሚናገሩ በክፍል ውስጥ ለመከራከር ጥሩ ናቸው።

በሮበን ደሴትም ሆነ በበርሊኑ ሆኸንሾንሃውዘን የምሥራቅ ጀርመን የደኅንነት እስር ቤት፣ በዚያው ታስረው የነበሩ ሰዎች ጎብኚዎችን ሲያስጎበኙ ኖረዋል። እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ ጥያቄዎቹ አስቀድሞ ተጽፈው ይታዩ። ስለ ሥቃዩ ዝርዝር መጠየቅ አይገባም፤ ሊናገር ከወደደ ራሱ ይናገራል። «ቀኑ እንዴት ይጀምር ነበር? ዜና ከውጭ በምን መንገድ ይደርሳችሁ ነበር? ከጠባቂዎቹ መካከል የምታስታውሱት ሰው አለ?» የሚሉት ጥያቄዎች የተሻለ መልስ ያመጣሉ። የጠባቂዎቹ ሕይወትም መታየት አለበት። በአልካትራዝ፣ እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ 1963 የፌዴራል ወህኒ ቤት በነበረበት ዘመን፣ የጠባቂዎቹ ቤተሰቦች በደሴቲቱ ላይ ይኖሩ ነበር፤ ልጆቻቸውም በጀልባ እየተሻገሩ ይማሩ ነበር። አብዛኛው ጎብኚ ግን እ.ኤ.አ. በ1962 ስላመለጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ሰምቶ ይሄዳል፤ ከ1969 እስከ 1971 የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተወላጆች ደሴቲቱን ይዘው መብታቸውን እንደጠየቁ እንኳ ብዙ ተማሪ ሳያውቅ ይመለሳል።

ፎቶግራፍ የሚያነሡት በየቡድኑ የተመረጡ አንድ ወይም ሁለት ተማሪዎች ብቻ ቢሆኑ፣ በብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሞ እየሳቁ ሰልፊ መነሣት በራሱ ይቀራል። በመውጫው ላይ ያለውን የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫ በተመለከተ፣ መጫወቻ ካቴናና ባለ መስመር የእስረኛ ልብስ የሚሸጥበት ከሆነ ከነጭራሹ አለመግባቱን እመርጣለሁ።

ከጉብኝቱ ከተመለሱ በኋላ

ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ሳይበተኑ በዚያው ቀን 20 ደቂቃ ያህል ተቀምጠው መነጋገር አለባቸው፤ የከበዳቸው ነገር ሳይነገር ማደር የለበትም። በሚቀጥሉት ቀናትም ዝምታ ያበዛ ወይም ያለ ልማዱ የተረበሸ ልጅ ካለ መምህሩ ለብቻው ያነጋግረው።

ለጽሑፍ ሥራ «እስረኛ እንደሆንህ አስበህ የዕለት ማስታወሻ ጻፍ» የሚለው የተለመደ ትእዛዝ አይመከርም፤ የሚመጣው ጽሑፍ ሁሉ አይጥና ጨለማ የበዛበት፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ይሆናል። በምትኩ ተማሪው ገጹን በሦስት ከፍሎ ሕንፃው ያሳየውን፣ አስጎብኚው የነገረውንና መዝገቡ የሚለውን ለየብቻ ይጻፍ፤ ሦስቱ በማይስማሙበት ነጥብ ላይም የራሱን ፍርድ በማስረጃ ይስጥ። ሌላው ጥሩ ሥራ፣ በመዝገቡ ላይ የተሰጠው ሰው ለታሰረበት ክፍል ከ60 ቃል የማይበልጥ መግለጫ ማዘጋጀት ነው፤ በዚህ ልክ ማሳጠር የትኛው እውነታ እንደሚቀድም እንዲመርጥ ያስገድደዋል። ከእነዚህ መካከል የተሻሉት ተመርጠው ለሙዚየሙ የትምህርት ክፍል ቢላኩ፣ ተማሪዎቹ በጉብኝቱ ወቅት ያላገኙትን መረጃ የሚጠይቅ አጭር ደብዳቤም አብሮ ቢሄድ መልካም ነው። መምህሩም የትኛው ክፍል ከታሰበው በላይ ጊዜ እንደወሰደና የትኛው ጥያቄ እንዳልሠራ ገና ሳይረሳው ጽፎ ለሚቀጥለው ዓመት መምህር ያስቀምጥ።