በግንቦት ሙቀት ባሕር ዳር ዘመድ ልትጠይቁ ለምትሄዱ

ጣና ላይ ጀልባ ካሰባችሁ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውጡ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል፤ እኔ አርፍጄ ከዘጌ ስመለስ ነጠላዬ እስከ ጥለቱ ርሶ አክስቴ በር ላይ አይታኝ፣ «ዛሬ ጥምቀት ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ነጠላውን ግን ያዙ፣ ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ስትገቡ ያስፈልጋችኋል። ሐይቁ ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም፤ ከቤተሰብ ጋር ከሆናችሁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሙቀቱ ቢያስጨንቃችሁም ሐይቁ ውስጥ አትዋኙ፣ ቢልሃርዚያ አለበት። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ነፋሻ በሆነ ቀንም ፀሐዩ አንገት ይልጣል። ጢስ ዓባይን ለነሐሴ አቆዩት፤ በበጋ ውኃው ይቀጥናል። ማምሻውን ቤዛዊት ኮረብታ ውጡና ዓባይን ከላይ እዩት።