ለጎዳናም ለድራግም የሚሆን የቱርቦ ሞተር እንዴት ይመረጣል?

ስለ ቱርቦ ሞተር (በጭስ ማውጫው ጋዝ የሚዞር መሣሪያ ተጨማሪ አየር ስለሚያምቅበት ሞተር) ወሬ ሲነሳ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት የፈረስ ጉልበት ይችላል?» ጥያቄው ክፋት የለውም። ግን ከሱ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። መኪናው ቅዳሜ ሜዳ ላይ 10 ሰከንድ ሮጦ ተጭኖ ወደ ቤት ሊገባ ነው? ወይስ ሰኞ ጠዋት ትራፊክ ውስጥ ተገትሮ፣ ራዲያተሩ እየጋለ፣ ሥራ ሊያደርሳችሁ ነው? መልሳችሁ «ሁለቱንም» ከሆነ ሞተሩን ለሰኞ ሥሩት። የቅዳሜውን ጉልበት ቱርቦው ይጨምርላችኋል።

1. መጀመሪያ ቁጥሩን ጻፉ

«ብዙ ጉልበት» ቁጥር አይደለም። የድራግ ውድድር፣ ማለትም በቀጥታ መስመር ከቆሙበት ተነስቶ የመሮጥ ውድድር፣ የሚሮጥበትን ሩብ ማይል (402 ሜትር) በስንት ሰከንድ መጨረስ እንደምትፈልጉ ወስኑ። የሚያስፈልገው ጉልበት ከዚያ ይወጣል።

ሹፌሩን ጨምሮ 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና እንውሰድ። ጎማው አስፋልቱን ከያዘለት በ400 የፈረስ ጉልበት 11.8 ሰከንድ አካባቢ ይገባል። በ500 ወደ 10.9 ይወርዳል። በ700 ደግሞ 9.8 ገደማ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስሉ። ከ400 ወደ 500 ስትሄዱ በ100 ጉልበት 0.9 ሰከንድ አተረፋችሁ። ቀጣዩ 1.1 ሰከንድ ግን 200 ጉልበት ጠየቀ። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር እያንዳንዷ ሰከንድ ኪስ ታራቁታለች።

በነገራችን ላይ 500 ጉልበት ካለው ከዚሁ መኪና 100 ኪሎ ብትቀንሱ ሩብ ሰከንድ ታገኛላችሁ። አንድ ፒስተን ሳትገዙ!

2. ነዳጁን ከፒስተኑ በፊት ምረጡ

ብዙ ሰው ፒስተን ገዝቶ፣ ሞተር አስገጥሞ፣ ነዳጁን መጨረሻ ላይ ያስባል። ነገሩ መሆን ያለበት በተቃራኒው ነው። ምን ያህል ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ስንት እጥፍ እንደሚያምቅ) እና ምን ያህል ቡስት (ቱርቦው የሚጨምረውን የአየር ግፊት) መሸከም እንደምትችሉ የሚወስነው ነዳጁ ነው።

ከማደያ በሚቀዳ ጥሩ ኦክቴን ባለው ቤንዚን ከ8.5 እስከ 9.5 ለ 1 ያለው ኮምፕሬሽን ለቱርቦ ሞተር ምቹ ነው። ድሮ «ቱርቦ ከሆነ ኮምፕሬሽኑን አውርደው» ይባል ነበር። በጣም ካወረዳችሁት ግን ቱርቦው እስኪነሳ ድረስ መኪናው ይሞትባችኋል። ጎዳና ላይ ደግሞ አብዛኛው ጊዜ የሚነዳው ቱርቦው ሳይነሳ ነው።

ኢ85 (ኤታኖል የሚበዛበት የቤንዚን ድብልቅ) ካገኛችሁ ነገሩ ይቀየራል። ኤታኖል ሲተን ሙቀት ስለሚወስድና ኖክን (ነዳጁ ያለጊዜው በራሱ መፈንዳቱን) ስለሚቋቋም ኮምፕሬሽኑን ወደ 10 ወይም 11 ማውጣት ይቻላል። ዋጋው ግን ከነዳጅ መስመሩ ይከፈላል። ለተመሳሳይ ጉልበት ከቤንዚን ከ30 በመቶ በላይ ተጨማሪ ነዳጅ ይጠጣል። ስሙም እንዳያታልላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ኢ85 ተብሎ የሚሸጠው ነዳጅ የኤታኖል መጠኑ ከ51 እስከ 83 በመቶ ይዋዥቃል። ስለዚህ መጠኑን እያነበበ ለኮምፒውተሩ የሚነግር ሴንሰር ግድ ይላል።

የሚተማመኑበት ነዳጅ በአካባቢያችሁ ሁልጊዜ ካልተገኘ ሞተሩን በደካማው ነዳጅ ልክ ሥሩት። በቃ።

3. መነሻ ሞተር

የመኪናውን የራሱን ሞተር ማቆየት ብዙ ጊዜ ከሚመስለው ይረክሳል። መቀየር የግድ ከሆነ ግን ስማቸው በከንቱ ያልገነነ ሞተሮች አሉ።

የቶዮታው 2ጄዜድ-ጂቲኢ 3 ሊትር፣ በአንድ መስመር 6 ሲሊንደር ነው። ብሎኩ ብረት ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋትም የፒስተኑ ጉዞም 86 ሚሊሜትር ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ቱርቦ ነው፤ ኮምፕሬሽኑ 8.5። የኒሳኑ አርቢ26 2.6 ሊትር ሆኖ በባሕርይ ይመስለዋል። የመጀመሪያዎቹ ላይ ግን ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) የዘይት ፖምፓውን የሚያዞርበት ቦታ ጠባብ ስለሆነ ሳይስተካከል ከፍተኛ ዙር አይወድም። የሚትሱቢሺው 4ጂ63 ባለ 2 ሊትር የብረት ብሎክ ነው፤ ለቀላል መኪና ይሆናል።

ከዚያ የጄኔራል ሞተርስ የፒክአፕ ቪ8ዎች አሉ፤ ባለ 4.8፣ 5.3 እና 6.0 ሊትር ባለ ብረት ብሎኮቹ። ለቱርቦ አልተሠሩም። ግን በብዛት አሉ፣ ርካሽ ናቸው፣ ሲበላሹም ሌላ ይገኛል። ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ይህንን መንገድ ነው። የተሰበረ ሞተር ሌሊት እንቅልፍ የማይነሳው በቀላሉ የሚተካ ሲሆን ነው።

እንደ ሆንዳው ኬ ሞተር ባሉት የአሉሚኒየም ብሎኮች ሲሊንደሮቹ ከላይ በኩል ደጋፊ የላቸውም። ለመካከለኛ ጉልበት ችግር የለም። ከፍ ሲል ግን ጠንካራ እጅጌ (ሲሊንደሩን ከውስጥ የሚያለብስ የብረት ቱቦ) ማስገባት ያስፈልጋል፤ እሱም ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

4. የሚሰበረው ምን እንደሆነ ሳታውቁ ዕቃ አትግዙ

ቀልብ የሚፈልገው ይህ ክፍል ነው። ሞተር በሁለት የተለያዩ መንገዶች ይሰበራል። አንደኛው ግፊት ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ኃይል ፒስተኑን ወደታች ሲያስወነጭፈው ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ይጎብጣል። ሁለተኛው ጉተታ ነው። በከፍተኛ ዙር ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ ደርሶ ሊመለስ ሲል ቢየላውንና ቡሎኑን ይዘረጥጣል።

ግፊቱ የሚከተለው ቶርክን (የማዞር ኃይልን) ነው እንጂ የፈረስ ጉልበትን አይደለም። 600 የፈረስ ጉልበት በ4,500 ዙር ከተገኘ ቶርኩ 950 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ያው 600 በ7,000 ዙር ከመጣ ቶርኩ 610 ገደማ ነው። ጉልበቱ አንድ ነው፤ ቢየላው የሚቀበለው ዱላ ግን እጅግ ይለያያል። ትንሽ ቱርቦ ገጥመው በዝቅተኛ ዙር ቡስቱን በአንዴ የሚለቁ ሰዎች ቢየላ የሚያጎብጡት ለዚህ ነው።

ጉተታው ደግሞ በዙር ካሬ ያድጋል። ከ7,000 ወደ 8,000 ስትወጡ ኃይሉ 30 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ከ7,000 በላይ ልትሄዱ ካሰባችሁ የመጀመሪያው ወጪ የቢየላ ቡሎን ነው።

ከዚህ ተነስታችሁ ምርጫው ወደ ሦስት ይጠባል። የመጀመሪያው ታችኛውን ክፍል ሳይነኩ፣ ቡስቱን በኮምፒውተር በየማርሹ እየመጠኑ መኖር ነው። ሁለተኛው በፎርጅ (ተቀጥቅጦ) የተሠራ ፒስተንና ቢየላ ማስገባት ነው። ሦስተኛው እጅጌ፣ አዲስ ክራንክሻፍትና ሌላም ሌላም ያለበት ሙሉ ግንባታ ነው። ጎዳና ላይ ለሚነዳ መኪና ሁለተኛው ይበቃል። ክራንክሻፍት ከሁሉም መጨረሻ የሚገዛ ዕቃ ነው፤ የፋብሪካው በፎርጅ የተሠራ ከሆነ አትንኩት።

ሁለት ነገሮችን ግን ለሜዳ ብቻ ተዉአቸው። የአሉሚኒየም ቢየላ ዱላ ይችላል፤ ግን ይደክማል፣ በየጊዜው መቀየር አለበት። ብሎኩን በሲሚንቶ መሰል ነገር እስከ ላይ መሙላትም ሲሊንደሩን ያጠነክራል፤ ውሃ የሚዞርበትን ቦታ ግን ይዘጋል። ትራፊክ ውስጥ ከእንዲህ ዓይነት ሞተር ጋር አትገኙ።

5. ፒስተንና ፋሻ

በፎርጅ የሚሠሩ ፒስተኖች በብዛት ከሁለት ዓይነት አሉሚኒየም ይወጣሉ፤ 4032 እና 2618። 4032 ሲሊኮን ስለሚበዛበት ሲሞቅ ብዙም አያብጥም። ስለዚህ ከሲሊንደሩ ጋር ጠበቅ ብሎ ይገጠማል፤ ጠዋት ሲነሳ አያንኳኳም፤ ዕድሜውም ረዘም ይላል። 2618 የበለጠ ያብጣል፣ ክፍተት ይፈልጋል፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ያንኳኳል። በምትኩ ኖክ ሲመታው ቶሎ አይሰነጠቅም። መካከለኛ ቡስት ላለው የዘወትር መኪና 4032 ይስማማል። ቅዳሜ ቅዳሜ በርትታችሁ የምትጨምቁት ከሆነ 2618 ግዙና የጠዋቱን ድምፅ ቻሉት።

ፋሻው (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) ላይ ግን ብዙ ውድ ሞተር ሞቷል። የፋሻው ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ክፍተት ቱርቦ ለሌለው ሞተር ጠባብ ይሆናል። ቱርቦ ሲጨመር ሙቀቱ ፋሻውን ያረዝመዋል። ጫፎቹ ሲገናኙ የሚሄዱበት የለም፤ ሲሊንደሩን ይቧጥጣሉ፣ የፒስተኑንም ጠርዝ ይነቅላሉ። ከላይ ያነሳኋቸው የፒክአፕ ሞተሮች ከቱርቦ ጋር ሲጋጩ የሚሞቱት በአብዛኛው በዚሁ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ክተቱት። ፒስተኑን ገልብጣችሁ ወደታች ግፉት፤ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ክፍተቱን በፊለር ጌጅ (በስስ የብረት መለኪያ ምላሶች) ለኩ። ቡስት ላለው የጎዳና ሞተር የላይኛው ፋሻ መነሻ ልክ በየ1 ሚሊሜትር የሲሊንደር ስፋት 0.006 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 86 ሚሊሜትር ሲሊንደር ላይ 0.52 አካባቢ ማለት ነው። ጠቦ ከተገኘ አንዱን ጫፍ ብቻ ቀስ እያላችሁ ሞርዱ፤ በየመሃሉ እየመለሳችሁ ለኩ። ሲያልቅ ስለቱን በጣት ፈትሹና አለስልሱት። ሁለተኛው ፋሻ ከላይኛው ትንሽ ይስፋ። የፒስተኑ አምራች ወረቀት ሌላ ቁጥር ከሰጠ የወረቀቱን ተከተሉ። ትንሽ ቢሰፋ ጥቂት ጭስ ነው፤ ቢጠብ ሞተሩ ያልቃል።

6. ቴስታታው

እዚህ ብዙ አትጨናነቁ። ከፍተኛ ቡስት ቴስታታውን (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን ክፍል) ከብሎኩ ሊያነሳው ስለሚፈልግ ጠንካራ ስተድ (ማሰሪያ ቡሎን) እና ባለ ብዙ ንብርብር የብረት ጓርኒሲዮን ግጠሙበት። የቫልቭ ሞላ በአዲስ ቀይሩ፤ የደከመ ሞላ በቡስት ቫልቩን አይዘጋም። ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ስትመርጡ ለቱርቦ የተሠራ ይሁን። በጣም ደፋር ካምሻፍት ሲቆም ደስ የሚል ድምፅ ይሰጣል፤ ከዚያ ውጭ ጎዳና ላይ ጣጣ ነው።

7. ቱርቦና ነዳጅ መስመር

600 የፈረስ ጉልበት በደቂቃ ወደ 27 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ቱርቦውን በዚህ ፍሰት ምረጡ፤ በድምፁ ወይም በመጠኑ አይደለም። የፍላጎታችሁ ቁጥር በቱርቦው ካርታ (አምራቹ በሚሰጠው የአየር ፍሰትና ግፊት ሥዕል) መሃል እንጂ ጠርዝ ላይ አይውደቅ፤ ጠርዝ ላይ ያለ ቱርቦ የሚያመርተው ሙቀት ነው።

ለ600 ጉልበት ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር በቤንዚን እያንዳንዱ ኢንጀክተር (ነዳጅ ረጪ) በደቂቃ ወደ 740 ሲሲ ያስፈልገዋል፤ ይህም 85 በመቶ ብቻ እየሠራ ነው። በኢ85 ወደ 1,000 ይጠጋል። የነዳጅ ፖምፓውንም በዚሁ ልክ አሳድጉ። ሜዳው መሃል ላይ ነዳጅ ሲያጥር ጠንካራ ፒስተንም አያድንም።

8. ቶርኖ ቤትና ከሞተሩ ውጭ ያለው

ሲሊንደሩን የሚያሰፋው ባለሙያ ብሎኩ ላይ ቴስታታውን የሚተካ ወፍራም ሳህን አስሮ መሥራቱን ጠይቁ። ቡሎኑ ሲጠብቅ ሲሊንደሩ ቅርፁን ትንሽ ይቀይራል፤ ሳህኑ ያንን ያስመስላል። የብሮንዚና (ክራንክሻፍቱ የሚዞርበት ስስ ማረፊያ) ክፍተት፣ የፒስተን ክፍተት፣ የፋሻ ክፍተት ሁሉ ቁጥሩ ተጽፎ ይሰጣችሁ። «ጥሩ ነው፣ አይዞህ» ቁጥር አይደለም።

ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑና ዲፈረንሻሉ ያንን ቶርክ ካልቻሉ ገንዘቡን ከሞተሩ ቀንሳችሁ እዚያ አውሉት። የዘይት ቋቱንም አትርሱ። መኪናው ሲወነጨፍ ዘይቱ ወደኋላ ይሸሻል፤ መከለያ ያለው ቋት ከሌለ ፖምፓው አየር ይጠጣል።

ሰዓታችሁ ከወረደ ደንቡም ይቀየራል። በአሜሪካው የድራግ ውድድር ማኅበር በኤንኤችአርኤ ደንብ በቆዩ መኪኖች 11.49 ሰከንድና ከዚያ የፈጠነ ሮል ባር (መኪናው ቢገለበጥ ሹፌሩን የሚጠብቅ የብረት ቅስት) ይጠየቃል፤ 9.99 ሲደርስ ደግሞ ሮል ኬጅ (ሹፌሩን ዙሪያውን የሚከብ የብረት አጥር)። ለአዳዲስ የፋብሪካ መኪኖች ላላ ያለ ልዩ ደንብ አለ። የምትወዳደሩበትን ሜዳ ደንብ ፒስተን ከማዘዛችሁ በፊት አንብቡ። ኬጅ ያለው መኪና ሰኞ ጠዋት ያለ ሄልሜት የሚነዳበት አይደለም፤ ጭንቅላት ከብረቱ ጋር ቅርብ ነው።

9. መጀመሪያ ሲነሳ

ነዳጁንና ካንዴላውን አቋርጣችሁ የዘይት ግፊት እስኪታይ በማስነሻ ሞተር አዙሩት። ከተነሳ በኋላ ዘይትም ውሃም እንደማያንጠባጥብ እዩ። ከዚያ ያለ ቡስት፣ ጋዙን እየሰጣችሁና እየለቀቃችሁ ንዱት፤ ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር የሚላመደው በዚህ ነው። ዘይቱን ቀይሩና ፊልትሮውን ቆርጣችሁ ከፍታችሁ ተመልከቱት። ጥቂት ብልጭልጭ ብናኝ ያለ ነው፤ ቁራጭ ብረት ካለ ግን ሞተሩን አጥፉና ፍቱት። ንጹሕ ከሆነ ወደ ዳይኖ (የጉልበት መለኪያ ማሽን) ውሰዱት። ቱኒንጉ (የሞተሩን ኮምፒውተር ማስተካከሉ) በዝቅተኛ ቡስት ይጀመር፤ የአየርና ነዳጅ ልኩንና ኖኩን እያያችሁ በጥቂቱ ከፍ አድርጉ።