ግሪስ ከፓምፕ እስከ ኩሽኔታ፦ ግፊቱን እያወቁ እንዴት ይሰጣል?

ከቃሊቲ ተነስቶ በገላን ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ ፋብሪካ፣ ብሎኬት ማምረቻና ወፍጮ ቤት ነው። ብዙ ግቢ ውስጥ አንድ የተለመደ አሠራር አለ። ኩሽኔታ (የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከመው ባለ ኳስ ወይም ባለ ሮለር ቀለበት) ሲጮህ ግሪስ ይገፋለታል። ዝም ካላለ ይደገማል። በኦይል ሲሉ (ግሪሱን የሚይዘውና አቧራ የሚከለክለው ማሸጊያ) ዳር ተርፎ ሲወጣ "በቃ፣ ጠገበ" ይባላል። አንዳንዱ ኩሽኔታ ትርፉን በዚያ በኩል እንዲያስወጣ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ምንም አይሆንም። ሌላው ግን ኦይል ሲሉ ተገልብጦ ወይም ተቀዶ ነው። ከዚያ በኋላ አቧራው እንደልቡ ይገባል።

እኔ የማምነው ይህን ነው፦ ግሪስ የሚሰጥ ሰው ግፊቱ የት እንዳረፈ ካላወቀ፣ ጥሩ ግሪስ ገዝቶም ኩሽኔታ ይገድላል። ግሪስ በፓምፕ፣ በቱቦና በኩሽኔታ ኳስ ሥር የሚያሳየው ጠባይ የተለያየ ነው። ስለዚህ ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ትንሽ ስለ ጠባዩ እናውራ።

መጀመሪያ ግሪሱን እወቁት

ግሪስ ወፍራም ዘይት አይደለም። ዘይት አቅፎ የያዘ ማወፈሪያ ነው። ከ70 እስከ 95 በመቶ የሚሆነው ዘይት ነው። የቀረው ማወፈሪያውና የሚጨመሩበት ኬሚካሎች ናቸው። ማወፈሪያው ብዙ ጊዜ የሊቲየም ወይም የካልሲየም ሳሙና ነው። ፖሊዩሪያ ወይም ቤንቶናይት የሚባል የሸክላ አፈር የሚገባበትም አለ። ብረትን ከብረት የሚለየው በዋናነት ዘይቱ ነው። ማወፈሪያው ዘይቱን ይዞ ይቆያል፣ ቀስ እያለም ይለቃል።

ግፊት ሲበዛበት ወይም ሲቆይበት ዘይቱ ይለያል። አይብ በጨርቅ ቋጥራችሁ ስትጨምቁት አጓቱ ወርዶ ደረቁ እንደሚቀረው ማለት ነው። ትንሽ መለየቱ ጥሩ ነው፤ ኩሽኔታው የሚፈልገው ያንኑ ዘይት ነው። ሲበዛ ግን የሚቀረው ደረቅ ሳሙና ነው። እሱ ደግሞ ቱቦ ይዘጋል እንጂ አያለሰልስም።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል አዲስ ግሪስ በታጠፈ ሶፍት ላይ አድርጉ። አጠገቡ ከአሮጌ ኩሽኔታ የጠረጋችሁትን በተመሳሳይ መጠን አስቀምጡ። ሁለቱንም በላስቲክ ሸፍናችሁ እኩል ክብደት ያለው ብረት ጫኑባቸውና እስከ ማግስቱ ተዉአቸው። በአዲሱ ዙሪያ ዘይቱ ክብ ሠርቶ ሶፍቱን ያርሰዋል። የአሮጌው ክብ በጣም ጠባብ ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ ዘይቱ አልቋል ማለት ነው። የላብራቶሪ ምርመራ አይደለም፤ ሁለቱን ለማወዳደር ግን ይበቃል።

ሦስቱ ግፊቶች

በእጅ የሚሠራ ባለ እጀታ የግሪስ ፓምፕ ቀላል ዕቃ ይመስላል። ነገር ግን ብዙዎቹ 400 ባር፣ ጠንካሮቹ እስከ 700 ባር ይፈጥራሉ (ባር የግፊት መለኪያ ነው)። ኦይል ሲል የተሠራው አቧራ ለመከልከልና ግሪስ ለማቆየት ነው። የዚህን ሽራፊ ግፊት እንኳ አይችልም። የእጃችሁ ጉልበት በእጀታው ተባዝቶ እንደሚሄድ አትርሱ።

ቱቦ ውስጥ ሌላ ነገር ይሆናል። ግሪስ የተወሰነ ግፊት እስኪደርስበት ድረስ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ይለቅና ይንሸራተታል። በፍጥነት ሲገፋ ይቀጥናል፣ ሲቆም ተመልሶ ይረጋል። ቱቦው በረዘመና በጠበበ ቁጥር ብዙ ግፊት መንገድ ላይ ይቀራል። ብርድ ሲጨመርበት ይብሳል። በህዳርና በታህሳስ ማለዳ በአዲስ አበባ ዙሪያ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ከሰዓት በቀላሉ ይሄድ የነበረው ግሪስ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እጀታውን ድርቅ የሚያደርገው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ግፊት ኳሱ ወይም ሮለሩ ቀለበቱን በሚነካበት ቦታ ላይ ያለው ነው። የሚገርመውም እሱ ነው። ከባድ ጭነት ያለበት ኩሽኔታ ውስጥ፣ በዚያች ጠባብ ነጥብ ላይ ግፊቱ ከ1 እስከ 3 ጊጋፓስካል ይደርሳል። በባር ሲለካ ከ10,000 እስከ 30,000 ማለት ነው። ዘይቱ እዚያ ሲገባ በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ ወፍሮ እንደ ጠጣር ይሆናል። ብረቱ ራሱ በጥቂቱ ይለጠጣል። በመሃላቸው ብዙ ጊዜ ከአንድ ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ የሚያንስ ስስ ሽፋን ይቀራል። ኳሱ ሲያልፍ ግፊቱ ይለቅና ዘይቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ይህ ሁሉ በእያንዳንዱ ዙር ይደጋገማል።

ያን ሽፋን የሚሠራው የፓምፑ ግፊት አይደለም። ፍጥነቱና የዘይቱ ውፍረት ናቸው። ፓምፑ ግሪሱን ደጃፍ ድረስ ያደርሳል፣ ሥራው እዚያ ያበቃል። ስለዚህ አጥብቆ መግፋት ሽፋኑን አያወፍረውም። የሲሚንቶ ወይም የድንጋይ ብናኝ ግን ከአንድ ማይክሮን በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ሽፋኑን በስቶ ብረቱን ይጭራል። ንጽሕና ላይ የማልደራደረው ለዚህ ነው።

ግሪሱን መምረጥ

ጣሳው ላይ ያለው ኤንኤልጂአይ የሚል ቁጥር የሚነግራችሁ ግሪሱ ምን ያህል እንደሚወፍር ብቻ ነው። ቁጥሩ ከ000 እስከ 6 ይሄዳል። የሚለካው በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ 60 ጊዜ ከታሸ ግሪስ ላይ የሾጠጠ ብረት ለ5 ሰከንድ ለቆ በማየት ነው። ብረቱ ከ26.5 እስከ 29.5 ሚሊሜትር ከገባ ቁጥር 2 ነው። ለአብዛኛው ማሽን የምንገዛው ይህንኑ ነው።

"ወፈር ያለው ጭነት ይችላል" የሚለውን አትመኑ። ጭነት የሚሸከመው በውስጡ ያለው ዘይት ውፍረትና ለከፍተኛ ግፊት የሚጨመረው ኬሚካል ነው። ሁለት ጣሳ ቁጥር 2 ግሪስ በጣት ሲነካ አንድ ይመስላል። የአንዱ ዘይት ግን በ40 ዲግሪ 100 ሴንቲስቶክስ (የዘይት ውፍረት መለኪያ)፣ የሌላው 460 ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው በፍጥነት ለሚሽከረከር ሞተር፣ ሁለተኛው ቀስ ብሎ ብዙ ጭነት ለሚሸከም እንደ ድንጋይ መፍጫ ላለ ማሽን ነው። ሻጩን የመረጃ ወረቀቱን ጠይቁት፤ የዘይቱ ውፍረት እዚያ ተጽፏል።

ኢፒ (ለከፍተኛ ግፊት ማለት ነው) የሚል ምልክት ካለበት ብዙ ጊዜ የሰልፈርና የፎስፈረስ ውህዶች አሉበት። ዘይቱ ተጨምቆ ብረት ከብረት ሊነካካ ሲል፣ ሙቀቱ ኬሚካሉን ያነቃውና ብረቱ ላይ መከላከያ ሽፋን ይሠራል። ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ያለበት ደግሞ ለኤክስካቫተርና ለሎደር ፒን ጥሩ ነው። ቀስ ብለው የሚንቀሳቀሱ፣ ከባድ ጭነት ያለባቸው ናቸውና። ጥቁር የሆነ ሁሉ ሞሊብዲነም አለው ማለት ግን አይደለም። የግሪስ ቀለም እንደ አምራቹ ፍላጎት ነው።

ስለ መደባለቅ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ፖሊዩሪያ ከሊቲየም ጋር፣ ቤንቶናይት ደግሞ ከአብዛኛው ጋር አይስማማም። ሲደባለቁ ወይ ቀልጠው ይወርዳሉ ወይ ይደርቃሉ። በኪሎ ተመዝኖ በፌስታል የገዛችሁትን ግሪስ ምንነቱን ሳታውቁ የፋብሪካ ማሽን ላይ አትሞክሩት።

መጠኑን መለየት

በፓምፓችሁ 10 ጊዜ ላስቲክ ላይ ግፉና በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት። ለ10 አካፍሉት። አንድ ግፊት ስንት ግራም እንደሆነ አወቃችሁ። አብዛኛው ፓምፕ አንድ ግራም ገደማ ይሰጣል፤ የእናንተ ግን ሊለይ ስለሚችል ሳትመዝኑ አትለፉ።

ከዚያ የኩሽኔታውን የውጭ ስፋትና ውፍረት በሚሊሜትር አባዙና በ0.005 ምቱት። የሚወጣው በግራም ነው። ለምሳሌ 6312 የሚል ቁጥር ያለው ኩሽኔታ የውጭ ስፋቱ 130፣ ውፍረቱ 31 ነው። 130 ሲባዛ በ31 ሲባዛ በ0.005፣ ወደ 20 ግራም። ፓምፓችሁ በአንድ ግፊት አንድ ግራም የሚሰጥ ከሆነ 20 ግፊት ነው። አዲስ ኩሽኔታ ስትገጥሙ ደግሞ ኩሽኔታውን ራሱን ሙሉት፣ በቤቱ ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ ግን ከሲሶ እስከ ግማሽ ብቻ። ግሪሱ የሚገፈተርበት ቦታ ካጣ እየታሸ ይሞቃል፣ ዘይቱም ይለያል።

ገላን ያለ አንድ ወፍጮ ቤት ይህን ሳሳይ፣ እዚያ የሚሠራው ልጅ "ጋሼ፣ እንዲህ እየቆጠርን እስከ ማታ አንጨርስም" አለኝ። እውነት ነው፣ መጀመሪያ ጊዜ ይወስዳል። አንዴ ከተሰላ በኋላ ግን ቁጥሩ አይለወጥም፤ የማሽኑ አካል ላይ በቀለም ጻፉት።

መስጠት

ማሽኑን አቁሙ፣ ብሬከሩን አውርዳችሁ ቆልፉ። መብራት ሄዶ የቆመ ማሽን ቆሟል አይባልም፤ መብራቱ ሲመጣ እጃችሁ ውስጥ እያለ ሊነሳ ይችላል። ኒፕሉ (ግሪሱ የሚገባበት፣ የፓምፑ አፍ የሚገጠምበት ጫፍ) ከመከላከያው ውጭ ድረስ በቱቦ የተሳበ ከሆነ ግን እየዞረ መስጠቱ ይሻላል፣ ግሪሱ እኩል ይዳረሳል።

ኒፕሉንም የፓምፑንም አፍ ክር በማይለቅ ጨርቅ ጥረጉ። ከፓምፑ አፍ መጀመሪያ የሚወጣውን ትንሽ ግሪስ ጠርጋችሁ ጣሉት፤ አቧራው ያለው እሱ ላይ ነው። ማስወጫ ቡሽ ካለው ክፈቱት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። አሮጌው ግሪስ መውጫ ካላገኘ አዲሱ የሚሄደው በኦይል ሲሉ በኩል ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ከሆነ ደግሞ ወደ መዳብ ሽቦው ይገባል።

አሁን በቀስታ ግፉ። አንዱን ግፊት ጨርሳችሁ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ ቀጣዩን። ማሽኑ የቆመ ከሆነ ግማሹን ስጡ፣ በእጅ አዙሩት፣ የቀረውን ጨምሩ። ስትጨርሱ የፓምፑን አፍ ዘንበል አድርጋችሁ አላቁት፤ ቀጥታ መጎተት ኒፕሉን ይሰብራል።

እጀታው ድንገት ከደረቀ አቁሙ። ኒፕሉን ፍቱትና ለብቻው ፓምፑ ላይ ገጥማችሁ ሞክሩት። ካላሳለፈ ኒፕሉን ቀይሩ። ካሳለፈ የተዘጋው ውስጡ ነው። ምናልባት ዘይቱ ወጥቶ የደረቀ ሳሙና ሞልቶታል። መንገዱን ከፍቶ ማጽዳት ነው መፍትሔው። ሁለት ሰው እጀታው ላይ ተጋግዞ መግፋት ፈጽሞ አይሞከርም።

ስታረጋግጡ በጣት ቀዳዳውን አትድፈኑ። በተሰነጠቀ ቱቦ ላይም እጃችሁን አታሳልፉ። በዚህ ግፊት የሚወጣ ግሪስ ቆዳ በስቶ ይገባል። ከውጭ የሚታየው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ናት፣ መጀመሪያ ብዙም ላያም ይችላል። ውስጡ ግን ሥጋውን ይገድለዋል፣ ጣትም ያስቆርጣል። እንዲህ ከደረሰ ሳትጠብቁ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱና "ግሪስ በግፊት ገብቶብኛል" ብላችሁ ተናገሩ። አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና የሚፈልግ ጉዳት ነው።

ማዕከላዊ ፓምፕ ላላችሁ

አንዳንድ ፋብሪካ አንድ ፓምፕ በረጅም ቱቦ ብዙ ኩሽኔታ ይመግባል። እዚህ ጌጅ (የግፊት ማሳያው) ሊያታልል ይችላል። በአንድ መስመር የሚሠሩት መርጫዎች (ለየኩሽኔታው የተወሰነ ግሪስ የሚሰጡት) አንዴ ከረጩ በኋላ ለቀጣዩ የሚዘጋጁት የቱቦው ግፊት ሲወርድ ነው። ግሪሱ ግትር ከሆነ ግፊቱን ቱቦው ውስጥ ይዞ ይቀራል። ጌጁ ጥሩ ግፊት ያሳያል፣ መርጫው ግን አልተመለሰም፣ ኩሽኔታውም ደርቋል።

ይህን ለመለካት ቬንትሜትር የሚባል መሣሪያ አለ። 25 ጫማ ርዝመት ያለው የሩብ ኢንች ቱቦ ግሪስ ተሞልቶ እስከ 1,800 ፒኤስአይ (ወደ 124 ባር) ይገፋል። ከዚያ ቫልቩ ተከፍቶ ከ30 ሰከንድ በኋላ ምን ያህል ግፊት እንደቀረ ይነበባል። ብዙ ከቀረ ግሪሱ ለዚያ መስመር አይሆንም። መሣሪያው ባይኖራችሁም ሐሳቡን ውሰዱት። ፓምፑ ካረፈ በኋላ የራሳችሁን ጌጅ እዩ፣ በተለይ ጠዋት። ካልወረደ ወደ ቁጥር 1 ወይም 0 ግሪስ ውረዱ፣ ወይም ሰፊ ቱቦ አስገጥሙ።

ከሰጣችሁ በኋላ

ማሽኑን አስነሱና ሙቀቱን በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ተከታተሉ። መጀመሪያ ከፍ ማለቱ ያለ ነው፤ ግሪሱ ቦታውን እስኪይዝ ይታሻል። በሰዓታት ውስጥ መውረድ አለበት። ካልወረደ ብዙ ጊዜ በዝቷል ማለት ነው። ማስወጫው ተከፍቶ ትርፉ እስኪወጣ ይሥራ። መውጣት ሲያቆም ቡሹን ዝጉ።

ቀጣዩን ጊዜ የሚወስነውም ሙቀቱ ነው። ኩሽኔታው ከ70 ዲግሪ በላይ በ15 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ያጥራል። በ70 ዲግሪ በ1,000 ሰዓት የሚሰጠው፣ በ85 ዲግሪ በ500፣ በ100 ዲግሪ በ250 ይሆናል። ብሎኬትና ድንጋይ መፍጫ ያላችሁ በአቧራው ምክንያት ከዚህም አሳጥሩት። ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ መስጠት፣ አንዴ ብዙ ከመጋት ይሻላል። ሰዓቱን፣ የግሪሱን ዓይነትና ግራሙን እዚያው ኒፕሉ አጠገብ ጻፉ። የማታው ፈረቃ ሌላ ግሪስ እንዳይደባልቅበት።