የድሮ ጥቃቅን ሞዴል መርከቦችን እንዴት እንደምንሰበስብ፦ ከቀለሙ በፊት ብረቱን እዩ

መዳፍ ላይ የሚቀመጡ የድሮ መርከቦችን መሰብሰብ የግድ ሀብታም መሆን አይጠይቅም። ፈልጎ ማግኘቱም ያን ያህል አያስቸግርም። ከባዱ ነገር የገዛችሁት መርከብ ዓመታት ካለፉ በኋላም እንዳለ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ስለዚህ ብዙ የማወራው ስለ ብረቱ ነው። የቀረውን ቶሎ ቶሎ እንለፈው።

መጀመሪያ ስኬል ምረጡ፤ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው መርከብ ስንት እጥፍ እንደሚያንስ። እዚህ የምናወራው ከውሃው በላይ ያለው አካላቸው ብቻ ስለተሠራ መርከቦች ነው። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። እንግሊዞቹ አብዛኛውን ጊዜ በ1፡1200፣ እንደ ቪኪንግ ያሉት የጀርመን ፋብሪካዎች ደግሞ በ1፡1250 ሠርተዋቸዋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቆሙ ዓይን አይረብሹም። እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የወጡት የእንግሊዙ አሻንጉሊት ሠሪ የዲንኪ ቶይስ መርከቦች ግን 1፡1800 ስለሆኑ ለብቻቸው ይቀመጡ።

ለጀማሪ የምመክረው ትራይአንግ ሚኒክ የሚባሉትን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ እንግሊዝ ውስጥ በብዛት ስለወጡ፣ እዚያ ባሉ የአሻንጉሊት ገበያዎችና በኢንተርኔት ገበያው በኢቤይ አሁንም ይገኛሉ። ገልብጣችሁ ከሥር የተጻፈውን አንብቡ። እ.ኤ.አ. በ1976 ሆንግ ኮንግ ተሠርተው እንደገና የወጡም አሉ። እነሱም አይጠሉም፣ ግን በመጀመሪያዎቹ መርከቦች ዋጋ አትግዟቸው። ኢንተርኔት ላይ ስትገዙ የሥሩን ፎቶ ጠይቁ። ሻጩ ካንገራገረ ተዉት።

ስኬሉን ለማጣራት ማስመሪያ ይበቃል። የእውነተኛውን መርከብ ርዝመት ለስኬሉ ማካፈል ነው። የእንግሊዟ የመንገደኛ መርከብ ኩዊን ሜሪ 310.7 ሜትር ነበረች፤ በ1፡1200 ወደ 26 ሴንቲሜትር፣ በ1፡1250 ደግሞ 25 ገደማ ትመጣለች። እግረ መንገዳችሁን የኛዋን «ኢትዮጵያ»ንም አስሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የመጣች፣ ቀድሞ ኦርካ ትባል የነበረች፣ ምጽዋ ላይ የኖረችው መርከብ ማለቴ ነው። 95 ሜትር ስለነበረች በ1፡1250 ከ7.6 ሴንቲሜትር አታልፍም። ለካ ትንሽ ነበረች ያሰኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የድሮ መርከቦች በአብዛኛው ወይ ከዚንክ ቅይጥ ወይ ከእርሳስ ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። የሁለቱም በሽታ ለየቅል ነው። እርሳሱ ለመጠኑ ከባድ ነው፤ ሥሩን በጥፍር ስትጫኑት ምልክት ይይዛል። ዚንኩ ቀለል ያለና ጠንካራ ነው።

የዚንክ በሽታ ከፋብሪካ ጀምሮ አብሮ የተወለደ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠሩት ላይ፣ ቅይጡ ውስጥ ጥቂት እርሳስ ገብቶ ከሆነ፣ ብረቱ ዓመት በቆጠረ ቁጥር ከውስጥ ይሰነጠቃል፣ ያብጣል። እርጥበትና ሙቀት ያፋጥኑታል። ምልክቱን በማጉያ መነጽር ፈልጉ፦ እንደ ሸረሪት ድር የተሳሰሩ ስንጥቆች፣ ያለ ምክንያት ያበጠ ቀለም፣ የሚፈረፈር ጠርዝ። ከዚያ መርከቡን መስታወት ላይ አስቀምጡትና በጣት ነካ አድርጉት። ከተንቀጠቀጠ ሆዱ ጎብጧል ማለት ነው። መድኃኒት የለውም። ሙጫ ቀብተው «አድነነዋል» የሚሉ አሉ፤ ስንጥቁን ሸፈኑት እንጂ አላዳኑትም። ደግነቱ አይተላለፍም። የታመመው ከጤነኛው ጎን ቢቀመጥ ምንም አይሆንም፣ ሰው ይህን በከንቱ ይፈራል።

እርሳስን የሚገድለው ግን ቤቱ ነው። አንድ ወዳጄ መርከቦቹን ለክብራቸው ብሎ ኦክ ከሚባል እንጨት በተሠራ በሚያምር መሳቢያ ውስጥ ደረደራቸው። ሲከፍተው ዱቄት የተነሰነሰባቸው መስለው ቆዩት። ኦክ የአቼቶ አሲድ ይተፋል። በተዘጋ መሳቢያ ውስጥ ያ ትነት እርሳሱን ወደ ነጭ ዱቄት ይቀይረዋል። ሌሎች እንጨቶች፣ ካርቶን፣ በደንብ ያልደረቀ ቀለም፣ አቼቶ አቼቶ የሚሸት የሲሊኮን ማጣበቂያ የተቀባ የመስታወት ቁም ሳጥንም ያው ናቸው። እኔ የምመርጠው የብረት መሳቢያ ነው። መልክ የለውም፣ ግን ይሠራል። የመርከቡን የድሮ ካርቶን ከወደዳችሁት አስቀምጡት፤ መርከቡን ግን ውስጡ አታሳድሩት።

ነጩ ዱቄት መርዝ ነው። እፍ አትበሉት፣ በደረቅ ብሩሽም አታቡንኑት። ጓንትና ማስክ አድርጋችሁ፣ ምግብ ከሚበላበት ራቅ ብላችሁ፣ በረጠበ ወረቀት ቀስ ብላችሁ ጥረጉትና በደንብ አድርቁት። ወረቀቱ ወደ ቆሻሻ፣ እጃችሁ ወደ ሳሙና። ልጆች እንዲጫወቱበት አይሰጥም። በአቼቶ የሚያጥቡ አይቻለሁ፣ እሳትን በቤንዚን እንደ ማጥፋት ነው።

የተሰበረ ተራዳ አያስጨንቃችሁ። መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው፣ ምትኩም ይሸጣል። እንደገና ቀለም መቀባት ግን አትሞክሩ። የተፋቀ የጥንት ቀለም ከአዲስ ቅብ ይሻላል፤ ደግሞ ከአዲስ ቅብ ሥር ስንጥቅ ይደበቃል።

ብዙ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ መስመር ያዙ። የመንገደኛ መርከቦች ብቻ፣ ወይ የአንድ አገር ባሕር ኃይል ብቻ። አለዚያ ርካሽ የሆነው ሁሉ ቤት ይገባል።

መሳቢያው ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ጣል አድርጉ። በየጊዜው ስትከፍቱት ደግሞ መጀመሪያ አሽቱት። አቼቶ ከሸተታችሁ መርከቦቹን በዚያው ቀን አውጧቸው።