ቡና ላይ የሚበላሽ ክርክር፦ ስለ ስደተኛ፣ ስለ ጭፍን ጥላቻና ስለ ሴት መብት ስናወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጀርመን ያለን ሀበሾች ቅዳሜ ቡና ላይ ስንሰበሰብ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይወድቃል። አንዱ ከስልኩ ላይ "ስደተኛ ሴት ደፈረ" የሚል ዜና ያነባል። ሌላው "ይኸው! በእነሱ ጦስ እኛም ልንባረር ነው" ይላል። ሦስተኛው "ፈረንጅ ዘረኛ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚጽፈው" ብሎ ይነሳበታል። ቶናው ሳይቀዳ ሦስቱም ተኮራርፈዋል። ጀበናውን የያዘችውን ሴት ግን "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ያላት የለም።

ከተኮራረፉት አንዱ እኔም ሆኜ አውቃለሁ። ከዚህ በታች የማነሳቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን ሠርቻቸዋለሁ። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በአንዱ ጥፋት ሕዝብ መክሰስ፣ ወይም ጭራሽ ዝም ማለት

በ2015 መጨረሻ፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሌሊት፣ ኮሎኝ ዋናው ባቡር ጣቢያ ደጃፍ የሆነውን ያኔ ጀርመን የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ወጣት ወንዶች በቡድን ሆነው ሴቶችን ከበቡ፣ ነካኩ፣ ዘረፉ። ከተጠርጣሪዎቹ ብዙዎቹ ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ነበሩ። ለፖሊስ የቀረበው አቤቱታ ከ1,200 አለፈ። ከዚህ ውስጥ ከ500 የማያንሰው የወሲብ ጥቃት ነበር።

ፖሊስ በማግስቱ ጠዋት ያወጣው መግለጫ ግን በዓሉ በአብዛኛው በሰላም አለፈ የሚል ነበር። እውነቱ ቀስ እያለ ወጣ። የከተማዋ ፖሊስ አዛዥም በሳምንቱ ከሥራው ተነሳ። ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ስደተኛ የሚጠላው ወገን "አላልንም?" አለ። ያን ሌሊት አልጋው ላይ ተኝቶ ያደረው ሶርያዊ ተማሪ ከቀናት በኋላ ባቡር ውስጥ ተጠርጣሪ ሆነ። ጠቆር ያለ ቆዳና ጥቁር ፀጉር ያለን ሁሉ ያን ክረምት እናውቀዋለን።

ሁለቱም ስህተት ናቸው። እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ ግን ዝምታው ነው። እኛም ቤት አለ። "ገመናችንን ለፈረንጅ አናሳይ" እንላለን። አንዲት ልጅ በማኅበራችን አባል ተነካሁ ስትል ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ ይዳፈናል። ምክንያቱም "ዘረኞቹ ይጠቀሙበታል"። የተዳፈነው ነገር ከዓመት በኋላ ሲፈነዳ ማን እንደሚጠቀምበት እንግዲህ ኮሎኝ አሳይታለች።

ከዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ የተረሳ አንድ ነገር አለ። እስከዚያ ድረስ በጀርመን ሕግ አንዲት ሴት "አይሆንም" ማለቷ ብቻ አይበቃም ነበር። በኃይል ወይም በማስፈራራት መሆኑ መረጋገጥ ነበረበት። መንገድ ላይ ድንገት የነካካትን ሰው በወሲብ ወንጀል መክሰስ ከባድ ነበር። የሴቶች ድርጅቶች ይህ እንዲለወጥ ለዓመታት ጠይቀዋል። ሐምሌ 2016 ፓርላማው "አይሆንም ማለት አይሆንም ማለት ነው" በሚል የሚታወቀውን ሕግ አንድም የተቃውሞ ድምፅ ሳይሰጥበት አጸደቀ። በዚያው ጥቅል ውስጥ ጥፋተኛ የውጭ ዜጋን ማባረርን የሚያቀል ነገር ተሸጎጠ። ይህም ብዙ አከራከረ። ሕጉ ሴቲቱን የሚጠብቃት ግን ከሞሮኳዊው ብቻ አይደለም። ከጀርመናዊው አለቃዋም ነው፣ ከአበሻው ባሏም ነው። ቡና ላይ ስለ ኮሎኝ ሲወራ ይህን ያነሳ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

"ባህል ነው" ብሎ መዝጋት

ይህች ዓረፍተ ነገር ከሁለት አፍ ትወጣለች። ስደተኛ የሚጠላው "ባህላቸው ነው፣ አይለወጡም" ይላል። የእኛው ሰው ደግሞ ሚስቱን ሲያዋርድ "ባህላችን ነው፣ ፈረንጅ አይገባውም" ይላል። ሁለቱ በሌላ ነገር ሁሉ ይጣላሉ። እዚህ ላይ ግን ተስማምተዋል፦ ባህል ድንጋይ ነው።

እስቲ ድንጋዩን እንየው። ስዊዘርላንድ ሴቶች በአገር አቀፍ ደረጃ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1971 ነው። አፐንዘል ኢነርሮደን የምትባለው ካንቶን ደግሞ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት እስኪያስገድዳት እስከ 1990 በአካባቢ ምርጫ አላሳተፈቻቸውም። የእኛ ሴቶች በ1955ቱ ሕገ መንግሥት መብቱን አግኝተው በ1957 መርጠዋል፤ ፓርቲ የሌለበት ምርጫም ቢሆን። ምዕራብ ጀርመን ውስጥ እስከ 1977 ድረስ ሚስት ተቀጥራ መሥራት የምትችለው የቤት ግዴታዋን እስካላጓደለ ድረስ ነበር። ባል ሚስቱን መድፈሩ በዚህ አገር ወንጀል የሆነው በ1997 ነው። ያኔ ተወልዶ ያደገ ሰው ዛሬ ሰላሳ እንኳ በቅጡ አላለፈም።

እኛም ጋ ቢሆን ያው ነው። የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። የ2000ው የቤተሰብ ሕግ ያንን አነሳ። የሴት ልጅ ጋብቻ ዕድሜንም ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገ። የድሮው የወንጀል ሕግ ጠልፎ ያገባ ሰው እንዳይከሰስ በር ይከፍት ነበር። አዲሱ፣ ከ2005 ጀምሮ የሚሠራበት፣ በሩን ዘጋው። ይህን ያስለወጡት ፈረንጆች አይደሉም። እነ መዓዛ አሸናፊ የመሠረቱት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከፊት ነበር። "መብት የፈረንጅ ወሬ ነው" የሚል ሲያጋጥማችሁ ይህን ንገሩት።

ቁጥርም ካስፈለገ አለ። በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች 75 በመቶው ተገርዘዋል። ከ15 እስከ 19 ካሉት ግን 47 በመቶው። እናትና ልጅ ናቸው እኮ። ያው አገር፣ ያው ባህል።

47 በመቶም ግን ትንሽ አይደለም። "ቀርቷል" ብሎ መዋሸት ሌላው ስህተት ነው። በሌላ በኩል፣ ሐኪም ቤት ገብታ ገና ወንበር ሳትይዝ "ከኢትዮጵያ ነሽ? ተገርዘሻል?" መባልም ያዋርዳል። ጥያቄው አስፈላጊ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ከሆነች። አጠያየቁ ነው ነገሩ።

"ስደተኛ" የምንለው ማንን ነው?

የአማርኛችን ችግር እዚህ ላይ አለ። ከጦርነት የሸሸውም ስደተኛ፣ ሥራ ፍለጋ የሄደውም ስደተኛ፣ ባሏ ያስመጣትም ስደተኛ። መንግሥት "ፍልሰተኛ" የምትል ቃል አምጥቷል፤ ቡና ላይ ግን ማንም አይላትም። ገንዘብ ሲይዝ ደግሞ ያው ሰውዬ "ዲያስፖራ" ይሆናል።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። መብቱ የሚለያየው በወረቀቱ ነው። አንዲት የማውቃት እህት ባሏ ካስመጣት ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። ይመታት ነበር። እኛ ቡና ላይ ስለ አውሮፓ ዘረኝነት ስንፋጭ እሷ ታዳምጣለች። አንድ ቀን ማጀት ውስጥ ለባለቤቴ "ወረቀቴ በእሱ ነው፣ ከወጣሁ ይመልሱኛል" አለቻት። ባሏም በየቀኑ የሚነግራት ይህንኑ ነበር።

ውሸቱን ነው። ማለቴ ግማሹን። በጀርመን ሕግ በጋብቻ የመጣ ሰው ራሱን የቻለ የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት በመደበኛው አገሪቱ ውስጥ ሦስት ዓመት በትዳር አብሮ መኖር አለበት። ነገር ግን ከባድ ችግር ላይ ለወደቀ ሰው ሕጉ ከሦስት ዓመቱም በፊት በር ይከፍታል። የቤት ውስጥ ጥቃት በግልጽ ተጠቅሷል። ማስረጃ ያስፈልጋል፦ የሐኪም ወረቀት፣ የፖሊስ ወረቀት፣ የሴቶች መጠለያ ደብዳቤ። ለዚህ ነው "ታገሺ፣ ፖሊስ አትጥሪ" የሚለው የሽማግሌ ምክር ድርብ ጉዳት የሚያደርሰው። ዱላው ላይ ማስረጃውንም ያሳጣታል። 116 016 የሚባለው የሴቶች የእርዳታ ስልክ በነፃ ነው፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ያን ሁሉ ቅዳሜ ከተከራከርነው ሁሉ እሷን የጠቀማት ይህ ቁጥር ነው።

ስለ እሷ፣ ያለ እሷ

በ2016 በጋ ፈረንሳይ ውስጥ፣ በአብዛኛው በደቡቡ፣ ሰላሳ ያህል ከተሞች ቡርኪኒ የሚባለውን ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስ ከለከሉ። ነፃ እናውጣት ነው ምክንያቱ። ኒስ ባሕር ዳርቻ ላይ የታጠቁ ፖሊሶች አንዲትን ሴት ከበው የላይ ልብሷን ስታወልቅ የሚያሳይ ፎቶ ዓለምን ዞረ። ነሐሴ 26 ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት የአንዷን ከተማ እገዳ ሻረ። ቴህራን ላይ ልበሺ የሚል ፖሊስ፣ ኒስ ላይ አውልቂ የሚል ፖሊስ። ሁለቱም ጋ የሚያዝዘው ሰውዬው ነው።

እኛ ስለ ሂጃብ ስንከራከር እዚያው ከተማ ያሉ ሙስሊም እህቶቻችንን ጠይቀን እናውቃለን? አንዲቷን ጠይቀን "ሁሉም እንዲህ ነው የሚያስቡት" ማለትም አይሠራም። ሁለት እህትማማቾች እንኳ በዚህ ጉዳይ ሲጣሉ ሰምቻለሁ።

"እናንተስ?"

አጭር ነው። ስለ እኛ ወንዶች ሲነሳ "ጀርመኖችስ ሚስት አይገድሉም?" እንላለን። ይገድላሉ። ታዲያ? መልሱ ትክክል ሆኖ ጥያቄውን አልመለሰም።

መስታወቱን ወደ ፈረንጅ ብቻ ማዞር

እዚህ ላይ ሰው ይከፋብኛል፤ ይክፋ። ሰኔ 2020 ቤይሩት ላይ አሠሪዎቻቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ አምጥተው የጣሏቸውን እህቶቻችንን አይተን አልቅሰናል። ልክ ነበርን። የአረብ አገሩ ከፋላ የሚባለው የቅጥር ሥርዓት ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር አስሮ እንደሚይዛት እናውቃለን። ግን አዲስ አበባ እናታችን ቤት ያለችው ልጅ የእረፍት ቀን አላት? የት ነው የምትተኛው? ስሟን እናውቀዋለን ወይስ "ሠራተኛዋ" ናት? የ2019ኙ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እንኳ የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ ወደፊት ለሚወጣ ደንብ ትቶታል።

ኢትዮጵያ ራሷ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኛ ታስተናግዳለች፤ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳን። ስለ ጋምቤላ ስደተኛ ስናወራ የምንጠቀምበትን ቃል ጀርመናዊ ስለ እኛ ቢጠቀምበት ሰልፍ እንወጣለን። "ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ" እየተባለ አድጎ የፈረንጅን ጭፍን ጥላቻ መቁጠርም እንዲሁ ነው።

ሰድቦ ለማሳመን መሞከር

"ኋላቀር" ተብሎ ሐሳቡን የለወጠ ሰው አላየሁም። እኔ ብሆን ጭራሽ እልህ ነው የሚይዘኝ። ፈረንጅ ለእኛ እንዲህ ሲያደርግ እናውቀዋለን። የሚገርመው፣ እዚህ ተምረን አገር ቤት ስንሄድ ያንኑ ለገጠር ዘመዶቻችን እናደርገዋለን።

ቦጋለች ገብሬ ከምባታ ተወልዳ፣ ልጅ ሆና ተገርዛ፣ እየሩሳሌምና አሜሪካ ተምራ ወደ ቀዬዋ ተመለሰች። በ1997 ከእህቷ ጋር ከምባቲ ሜንቲ ገዚማ የሚባለውን ድርጅት መሠረተች። መጀመሪያ ያደረገችው ንግግር ነበር። ሰዉ ሰማት፤ ግን የልቡ ጭንቀት ሌላ ነበር፦ ድልድይ። ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ አልነበራቸውም።

ድልድዩ እንዲሠራ አደረገች። ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌው፣ ቄሱ፣ ያልተገረዘችው ልጅ፣ ሊያገባት የሚፈልገው ወጣት በየመንደሩ ተቀምጠው ለወራት የተነጋገሩት። ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ የተዳረችበት ሠርግም የመጣው ከዚያ ንግግር ነው። ድልድዩን ስትሠራ ስለ ግርዛት ምንም አላስፈረመቻቸውም።