ስለ ጽንስና ስለ ማስወረድ ስንጠቅስ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጽንስ የእግዚአብሔር ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህም በዚህ ጉዳይ ጥቅስ እንደ ድንጋይ ሲወረወር ያመኛል። ቴሌግራም ላይ ከሚዘዋወሩት ክርክሮች ውስጥ ደጋግመው የሚመጡትን ስህተቶች ልጥቀስ።

የመጀመሪያው “መጽሐፍ ቅዱስ ማስወረድን ስሙን ጠርቶ ይከለክላል” ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። ክልከላው በግልጽ ቃል የሰፈረው ዲዳኬ በሚባለው ጥንታዊ የሐዋርያት ትምህርት ላይ ነው። ሕፃንን በማስወረድ አትግደል፣ ከተወለደም በኋላ አትግደለው ይላል። በዚያ ዘመን በሮም ግዛት ያልተፈለገ ሕፃን ሜዳ ይጣል ነበር። ክርስቲያኖች ሁለቱንም እምቢ አሉ። “አትግደል” የሚለውን ትእዛዝ እስከ ማኅፀን ድረስ ወስደው ተረዱት። ይህ ትልቅ ምስክር ነው፤ የሌለ ቁጥር መፍጠር አያስፈልገንም።

ሁለተኛው ኤርምያስ 1፥5ን ብቻ ይዞ መሮጥ ነው። ቃሉ የተነገረው ስለ ነቢዩ መጠራት ነው። “ሳልሠራህ አውቄሃለሁ” ሲልም ከመፀነስ በፊት ስላለው የእግዚአብሔር ዕውቀት እየተናገረ ነው። ሕይወት መቼ ጀመረ ለሚለው ጥያቄ በቀጥታ አይመልስም። ይልቅ ሉቃስ ምዕራፍ 1ን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ኤልሳቤጥ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ማርያም ብሥራቱን እንደሰማች ፈጥና ወደ ተራራማው አገር ወጣች፤ እርግዝናዋ ገና ለጋ ነው። ሰላምታዋ ሲሰማ ዮሐንስ በማኅፀን ዘለለ። ኤልሳቤጥም ገና ያልወለደችውን ማርያምን “የጌታዬ እናት” አለቻት። ቤተ ክርስቲያናችን መጋቢት 29ን በዓለ ትስብእት ብላ የምታከብረውም ይህንኑ ስለምታምን ነው። ቃል ሥጋ የሆነው ታኅሣሥ 29 በቤተ ልሔም ሳይሆን፣ ዘጠኝ ወር ቀደም ብሎ በናዝሬት ነው። ለእኔ ከየትኛውም ነጠላ ጥቅስ ይህ ይበልጣል።

ሦስተኛው ዘጸአት 21፥22ን ሁለቱም ወገን እንደፈለገው መጎተቱ ነው። ክፍሉ የሚያወራው ሰዎች ሲጣሉ እርጉዝ ሴት ስለተገፋችበት አደጋ ነው፤ ራሷ ፈልጋ ስለምታስወርድ ሴት አይደለም። ንባቡም አንድ ዓይነት አይደለም። የዕብራይስጡ ጉዳት ደረሰ ወይስ አልደረሰም ብሎ ይለያል፤ የሰብዓ ሊቃናቱ የግሪክ ትርጉም ደግሞ ጽንሱ ቅርጽ ይዟል ወይስ አልያዘም ብሎ ይለያል። ከዚህ የተነሳ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል። ቅዱስ ባስልዮስ ግን በ4ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው ቀኖና ቅርጽ ያዘ አልያዘ የሚለውን ልዩነት አልተቀበለም። ይህን ሳታውቁ “ጽንስ ሰው አይደለም” ወይም “ሰው ነው” ብላችሁ በዚህ ቁጥር አትማሉ።

አርባና ሰማንያን ከነፍስ ጋር ማያያዝም አለ። “አርባ ቀን ሳይሞላው ነፍስ የለውም” የሚሉ አሉ። የእኛ አርባና ሰማንያ የክርስትና ቀን ነው፤ ከኦሪት ዘሌዋውያን 12 እና ከመጽሐፈ ኩፋሌ ጋር ይያያዛል። የሚቆጠረውም ከልደት በኋላ ነው። የጽንስን ነፍስ በአርባ ቀን መቁጠር አርስቶትልን ከተከተሉ ሰዎች የመጣ ሐሳብ ነው።

ኃጢአትንና ወንጀልን ማምታታትም የተለመደ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 መደፈርን፣ በዘመድ መካከል የተፈጠረ እርግዝናንና የእናትን ሕይወት አደጋን የመሰሉ ሁኔታዎች ሲኖሩ ማቋረጥን አያስቀጣም። ይህ የሕግ መልስ ነው፤ የንስሐው ጥያቄ ሌላ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ጽንስ የወረደባት ሴት አልጋዋ ላይ ተኝታ፣ ልትጠይቃት የመጣች ጎረቤት አጥሚት እያቀበለቻት “እግዜር የተቆጣሽ ነገር ቢኖር ነው” ትላታለች። ኧረ ተዉ! ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው “ማን በደለ?” ብለው ለጠየቁት ደቀ መዛሙርት ጌታ ምን እንደመለሰ ዮሐንስ 9 ላይ አለ። እሱም አልበደለም፣ ወላጆቹም አልበደሉም።

ያስወረደችውንም “ይቅርታ የለሽም” ማለት ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ314 በአንቂራ (በዛሬዋ አንካራ) የተሰበሰበው የጳጳሳት ጉባኤ በቀኖና 21 ቀድሞ እስከ ሞት ድረስ የነበረውን ከቁርባን ክልከላ ወደ 10 ዓመት ንስሐ አወረደው። ከባድ ነው፣ በሩ ግን አልተዘጋም። ደግሞ “ካላስወረድሽው እንለያያለን” ያላትስ ሰው? ስለ እሱ ጥቅስ ሲለጠፍ አላየሁም። የነፍስ አባት ዘንድ ስትሄድ እሱም አብሯት ይሂድ።